ካሴቱ ዴኩን ይምረጥ፦ የቆዩ የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል ለማሻገር ያገለገለ ፕሮፌሽናል ዴክ አመራረጥ

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ አንድ ያረጀ ዕቃ ነው፤ የቪዲዮ ዴክ። ከገበያ ስለ ጠፋ መሣሪያ በዚህ አዳራሽ መነጋገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥንና በየተመራማሪው ቤት የተቀመጡትን ካሴቶች እናስታውስ። የመስክ ጥናት ቃለ መጠይቆች፣ የሠርግና የለቅሶ ሥርዓቶች፣ የአዝማሪ ጨዋታዎች፣ የቴአትር ልምምዶች፣ የዐውደ ጥናት ውይይቶች ተቀርጸውባቸዋል። ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ከካሴቶቹም ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ብራና ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ፊደል ላወቀ ዐይን ይነበባል። የቪዲዮ ካሴት ግን ያለ መሣሪያ ዝም ያለ ጥቁር ክር ነው። ካሴቱን ይዞ ዴክ ማጣት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ዴኩ የጥናታችን መዳረሻ በር እንጂ ተራ የቤት ዕቃ አይደለም።

በሩም እየጠበበ ነው። ቪኤችኤስ የተባለው የካሴት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1976 በጄቪሲ ኩባንያ አማካይነት ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች ሆኖ የሚታወቀው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሚገኝ ዴክ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ያረጀ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እስከ 2025 ድረስ ወደ ዲጂታል ያልተሻገሩ መግነጢሳዊ ካሴቶች አብዛኞቹ ሊጠፉ እንደሚችሉ አሳስቦ ነበር። የተባለው ዓመትም እነሆ ደርሷል። የአደጋው ምክንያት የክሩ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው መሣሪያ፣ መለዋወጫው፣ መሣሪያውን የሚጠግነው ባለሙያም አብረው እያለቁ በመሆናቸው ነው።

በዚህ ሁኔታ አንድ ተቋም ወይም አንድ ተመራማሪ ያገለገለ ዴክ ሊገዛ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ምክር «ፕሮፌሽናል የሆነውን ግዛ» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ምክር ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ማስረዳት ነው። «ፕሮፌሽናል» የሚለው ቃል መሣሪያው ለምን ሥራ እንደ ተሠራ ይነግረናል እንጂ ለእኛ ካሴት እንደሚስማማ አያረጋግጥልንም። ዴኩን መምረጥ ያለበት ካሴቱ ነው።

አንድ፦ «ፕሮፌሽናል» ማለት ምን ማለት ነው?

ፕሮፌሽናል ዴኮች የተሠሩት ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ለኤዲቲንግ ስቱዲዮዎችና ለካሴት ማባዣ ድርጅቶች ነው። ጠንካራ የብረት አካል፣ ከሌላ ዴክ ጋር ተቀናጅተው የሚሠሩበት የኤዲቲንግ መቆጣጠሪያ፣ በቀላሉ የማይላቀቁ የቢኤንሲና የኤክስኤልአር መሰኪያዎች አሏቸው። በብዙዎቹ ላይ የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ይገኛል። ዝርዝር የጥገና መመሪያ ስለ ተዘጋጀላቸውም ባለሙያ ሊፈታቸውና ሊያስተካክላቸው ይችላል። ይህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ሦስት ውሱንነቶችም አሉባቸው። የመጀመሪያው የፍጥነት ጉዳይ ነው። የቤት ውስጥ ዴኮች ክሩን በተለመደው ፍጥነት፣ ማለትም በኤስፒ፣ ወይም ካሴት ለመቆጠብ ሲባል በዝቅተኛው በኤልፒ ወይም በኢፒ ፍጥነት ይቀርጹ ነበር። ብዙዎቹ የስቱዲዮ ዴኮች ግን የተሠሩት ለኤስፒ ብቻ ነው። በኤልፒ የተቀረጸ ካሴት ሲገባባቸው ወይ ፈጽሞ አያነቡትም፣ ወይም የተበጣጠሰ ምስል ያወጣሉ።

ሁለተኛው የትዕግሥት ማነስ ነው። የስቱዲዮ ዴክ የሚጠብቀው በትክክል በተስተካከለ መሣሪያ የተቀረጸ ካሴት ነው። የሠርግ ቀራጭ ትከሻ ላይ ተሸክሞት አቧራና ጉዞ ባናወጠው ካሜራ የተቀረጸ ካሴት ግን የምስል መስመሮቹ ከመደበኛው ቦታ ትንሽ ዘንበል ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ካሴት አንዳንድ ጊዜ ተራ የቤት ዴክ ከስቱዲዮው ዴክ ይልቅ በእርጋታ ያነበዋል።

ሦስተኛው ድካም ነው። በኤዲቲንግ ክፍል የዋለ ዴክ ሙሉ ቀን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ፣ ምስል ገትሮ ሲቆምና ሲነሣ የኖረ ነው። ምስል ተገትሮ በቆመ ቁጥር የሚሽከረከሩት ሄዶች ያንኑ አንድ ቦታ ይፈትጋሉ፤ ክሩም ሄዱም ይጎዳሉ። ከውጭ ሲታይ ጠንካራ የሆነው መሣሪያ በውስጡ ዕድሜውን የጨረሰ ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ በ1990ዎቹ ለቤት ተጠቃሚ ከተሠሩት ውድ የሱፐር ቪኤችኤስ ዴኮች መካከል ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመቹ አሉ። የፓናሶኒክ ኤንቪ-ኤፍኤስ200 በፓል፣ የዚያው ኩባንያ ኤጂ-1980 በኤንቲኤስሲ ሥርዓት በካሴት አሻጋሪዎች ዘንድ ስማቸው የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ኋላ የምናብራራው የምስል ማረጋጊያ በውስጣቸው አላቸው። ይሁን እንጂ ካፓሲተሮቻቸው ስላረጁ ያለ እድሳት በሙሉ ጤንነት የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ ፕሮፌሽናል ዴክ ግድ የሚሆነው መቼ ነው? ካሴቱ ዩማቲክ ወይም ቤታካም ኤስፒ ሲሆን ነው፤ እነዚህ የስቱዲዮና የተቋም ዓይነቶች ስለሆኑ የቤት ዴክ አማራጭ የላቸውም። እንዲሁም የተቋሙ የኦዲዮ ቪዡዋል ክፍል በጥሩ መሣሪያ፣ በኤስፒ ፍጥነት የቀረጻቸው የቪኤችኤስና የሱፐር ቪኤችኤስ ዋና ቅጂዎች ካሉ፣ በደንብ የተያዘ የስቱዲዮ ዴክ ከሁሉ የተሻለ ያወጣቸዋል።

ሁለት፦ ገበያ ከመውጣት በፊት ካሴቱን ማወቅ

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መደርደሪያውን መመርመር ነው። ስለ እያንዳንዱ ካሴት አምስት ጥያቄዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የካሴቱ ዓይነት ነው። የቪኤችኤስ ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያቀረበው የዩማቲክ ክር 19 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የቤታካም ክር ስፋት ከቪኤችኤስ ጋር እኩል ቢሆንም ካሴቱም አቀራረጹም ፈጽሞ ይለያሉ። ቤታካም የብርሃኑንና የቀለሙን ሲግናል በተለያየ መስመር ስለሚቀርጽ በተለያየ መስመር ማውጣትም ይገባል። በፓል የተቀረጸ ዩማቲክ ደግሞ በውስጡ ሦስት ዓይነት አለው፤ ሎው ባንድ፣ ሃይ ባንድና ኤስፒ። ሦስቱንም በትክክለኛ ቀለማቸው የሚያወጣው እያንዳንዱ ዴክ ስላልሆነ ሻጩን በስም ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቴሌቪዥን ሥርዓቱ ነው፤ ይህ ጥያቄ ለእኛ ማኅበረሰብ ከሌላው ይልቅ የከበደ ነው። ኢትዮጵያ የተከተለችው በሰከንድ 25 ምስል፣ በእያንዳንዱም ምስል 625 መስመር ያለውን የፓል ሥርዓት ነው። ከሮማ፣ ከለንደን ወይም ከእስራኤል የመጣ ካሴትም አብዛኛውን ጊዜ ፓል ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ የተላከ የሠርግ ካሴት ግን 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ባለው በኤንቲኤስሲ የተቀረጸ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጣው ደግሞ አገሪቱ ለዓመታት ሴካምን ስትጠቀም በመኖሯ በካሴት ላይ ሜሴካም በሚባለው ስልት የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤተሰብ መሳቢያ ውስጥ ሦስቱም ሥርዓቶች ጎን ለጎን ቢገኙ አያስገርምም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ በአሜሪካ ገበያ በርካሽ የሚገኘው ፕሮፌሽናል ዴክ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤስሲ ብቻ የሚያነብና በ120 ቮልት የሚሠራ መሆኑ ነው። ኤሌክትሪኩን በትራንስፎርመር ማስተካከል ይቻላል፤ ዴኩን ግን ፓል ማስነበብ አይቻልም። ሁለተኛው፣ «ሁሉንም ሥርዓት ያነባል» የሚባለው የአውሮፓ ዴክ ብዙውን ጊዜ ኤንቲኤስሲን እንዳለ አያወጣም፤ ቀለሙን ወደ ፓል አስመስሎ ቴሌቪዥን እንዲያሳየው ብቻ ያደርጋል። ለማየት ይበቃል፤ ለማሻገር ግን ብዙ መቅረጫዎች ይህን ድብልቅ ሲግናል አይቀበሉትም። ሥርዓቱን በውስጣቸው በዲጂታል የሚለውጡ ዴኮችም አሉ። እነዚህ ምስሉን ከማስቀመጣችን በፊት ስለሚለውጡት ለማኅደር ሥራ አይመከሩም። ለእያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን ዴክ መያዝ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የተቀረጸበት ፍጥነት ነው። በፓል ኤስፒ የቪኤችኤስ ክር በሰከንድ 23.39 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በኤልፒ ደግሞ የዚህን ግማሽ። እያንዳንዱ የምስል መስመር ክሩ ላይ የሚይዘው ስፋት በኤስፒ 49 ማይክሮን ሲሆን በኤልፒ ወደ ግማሹ ይወርዳል። ለሰፊው መስመር የተሠራ ሄድ በጠባቡ መስመር ላይ ሲሄድ የጎረቤቱንም መስመር አብሮ ያነባል። የኤስፒ ዴክ በኤልፒ ካሴት የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። በ180 ደቂቃ ካሴት ላይ አምስትና ስድስት ሰዓት የሚሆን ነገር ከተጻፈበት ካሴቱ ኤልፒ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

አራተኛው ጥያቄ ድምፁ ነው፤ ለተመራማሪ ይህ ልዩ ትኩረት ይሻል። ተራው ድምፅ በክሩ ጠርዝ ላይ ይቀረጻል። ሃይፋይ የሚባለው ድምፅ ግን ከምስሉ ጋር በሚሽከረከሩት ሄዶች አማካይነት ከምስሉ ሥር ይቀመጣል። ከቀረጻ በኋላ ሙዚቃ ወይም ትረካ የተጨመረበት ካሴት የተለወጠው የጠርዙ ድምፅ ብቻ ነው፤ የሃይፋዩን ድምፅ ምስሉን ሳይነኩ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ካሴት ላይ ሃይፋይ ተቀርጾ ከነበረ፣ በዘፈን የተሸፈነ የሠርግ ፊልም በሥሩ የሽማግሌዎቹን ምርቃትና የሚዜዎቹን ጨዋታ እንደያዘ ሊኖር ይችላል። ሃይፋይ የማያነብ ዴክ የገዛ ተመራማሪ ይህን ድምፅ መኖሩንም ሳያውቅ ያልፈዋል።

አምስተኛው ጥያቄ ካሴቱ ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ ነው። አናሎግ ቅጂ በተገለበጠ ቁጥር ይደበዝዛል። ለቤተ ዘመድ የታደለውን ካሴት በውድ ዴክ ከማንበብ በቀራጩ እጅ የቀረውን ዋናውን ካሴት መፈለግ ይበልጣል። ቅጂን ከዋናው ጋር ማስተያየት ለብራና ተመራማሪ የሥራው መጀመሪያ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ደንቡ ያው ነው።

ሦስት፦ ከክዳኑ ሥር ምን ያረጃል?

የቪኤችኤስ ዴክ ልብ 62 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ከበሮ ነው። በፓል በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ከበሮው ላይ የተተከሉት ጥቃቅን ሄዶች በክሩ ላይ በሰከንድ አምስት ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ሄድ በተፈጥሮው የሚያልቅ ዕቃ ነው። ያለቀ ሄድ ምስሉን በበረዶ ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ የቆሸሸ ሄድም እንዲሁ። ሁለቱን ለመለየት በመጀመሪያ ማጽዳት ይገባል፤ ከተጸዳ በኋላ ነጠብጣቡ ከቀረ ሄዱ ደኅና ነው። ጽዳቱ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮልና ጭረት በማያወጣ ቆዳ፣ ከበሮው በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ይከናወናል። ወደ ላይና ወደ ታች መጥረግ ሄዱን ይሰብራል፤ የጥጥ ኩሊም አይመከርም።

ሁለተኛው የሚያረጀው ጎማ ነው። ክሩን አጣብቆ የሚስበው ፒንች ሮለር ሲደርቅና ሲያብረቀርቅ ክሩ ይንሸራተታል፣ ወደ ጎን ይሸሻል፣ በመጨረሻም ይታጠፋል። በተለምዶ «ዴኩ ካሴቱን በላው» የምንለው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ጥሩ ዜናው ጎማ ከሄድ ይልቅ በቀላሉ የሚተካ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ዴኮች ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን አፍስሰው የቦርዱን መዳብ ይበላሉ። ክዳኑ ሲከፈት የዓሣ የሚመስል ሽታ መኖሩ የዚህ ምልክት ነው። ምስሉ ሲሞቅ የሚስተካከል፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ከሆነም ጥርጣሬው ወደዚያው ያመራል። አራተኛው የደረቀ ቅባት ነው፤ ካሴት ማስገቢያው እንዲንቋረርና መሐል ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። ይህ በጽዳትና በአዲስ ቅባት ይድናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጎማና ቅባት ያረጀበት ዴክ ተስፋ አለው። ሄዱ ያለቀበትና ምትክ የማይገኝለት ዴክ ግን በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው።

አራት፦ ምስሉን የሚያረጋጋው ክፍል

በፓል እያንዳንዱ የምስል መስመር የሚፈጀው ጊዜ በትክክል 64 ማይክሮ ሰከንድ መሆን አለበት። ክር ግን ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ሞተርም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከካሴት የሚወጡ መስመሮች ጥቂት እየቀደሙና ጥቂት እየዘገዩ ይመጣሉ። በስክሪን ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ እንደ ውኃ ሲወዛወዝ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌው ቴሌቪዥን ይህን ይታገሥ ነበር፤ ዲጂታል መቅረጫ ግን አይታገሥም። ምስል ይዘላል፣ ድምፁና ምስሉም ይለያያሉ።

መፍትሔው ታይም ቤዝ ኮሬክተር፣ በአጭሩ ቲቢሲ የሚባለው ክፍል ነው። መስመሮቹን በማኅደረ ትውስታ ይይዝና በእኩል ጊዜ እየለካ ይለቃቸዋል። ሁለት ዓይነት ነው። በዴኩ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የእያንዳንዱን መስመር ውዝዋዜ ያቃናል። ከዴኩ ውጭ የሚገጠመው ደግሞ ሙሉውን ምስል ይዞ ሲግናሉ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ሥራ ሙሉ በሙሉ አይተካም። የስቱዲዮ ዴክ ሲገዛ ቲቢሲው ከዴኩ ጋር የተሠራ ወይስ ለብቻው የሚገዛ ካርድ እንደሆነ፣ ካርዱም በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከቲቢሲ ጋር አብሮ የሚመጣውን የነጠብጣብ ማጥፊያ ግን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ምስሉን የሚያለሰልሰው በነጠብጣቡ ብቻ አይደለም፤ የፊት መስመርንና የጥልፍ ዝርዝርንም ሊያጠፋ ይችላል። ለማኅደር የሚቀመጠው ቅጂ ያልተኳለ መሆን አለበት፤ ማሳመሩ ከፋይሉ ላይ በኋላ ይደረሳል። እንዲሁም ቪኤችኤስ የብርሃኑንና የቀለሙን ሲግናል በክሩ ላይ ለያይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ሁለቱን ሳይደባልቅ የሚያወጣው የኤስ ቪዲዮ መሰኪያ ከተራው ቢጫ መሰኪያ ይመረጣል።

አምስት፦ የግዢው ዕለት

ሰዓት ቆጣሪ ያለው ዴክ ከሆነ በመጀመሪያ ቆጣሪው ይነበባል። በብዙ የስቱዲዮ ዴኮች ላይ መሣሪያው በርቶ የቆየበት ሰዓትና ከበሮው የዞረበት ሰዓት ለየብቻ ይቆጠራሉ። ለእኛ የሚጠቅመን ሁለተኛው ነው። ቆጣሪው ሊመለስ እንደሚችል፣ ሄዱም ተቀይሮ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የጥገና ታሪኩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ክዳኑ ተከፍቶ አቧራው፣ ዝገቱ፣ ጎማውና ሽታው ይታያል። ከዚያም ዴኩ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይና ይፈተናል። ለፈተናው የሚያስፈልገው ካሴት ሁለት ጠባይ ያለው ነው፤ በትክክል የተቀረጸ፣ ቢበላሽም የማያሳዝን። ዋናውን ካሴት ለፈተና ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

ካሴቱ ሲገባ ክሩ ከበሮውን እንዴት እንደሚጠመጥም በዐይን ይታያል። መጀመሪያው፣ መሐሉና መጨረሻው ይጫወታል። በፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጠነጠናል። ከወጣ በኋላ የካሴቱ በር ተከፍቶ የክሩ ጠርዝ ይመረመራል፤ መታጠፍ ወይም መሸብሸብ ካለ ግዢው ይቀራል። በምስሉ ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። በታችኛው ጠርዝ ላይ የምትታይ ቀጭን የተረበሸ መስመር የተለመደች ናት፤ አታስጨንቅም። የምስሉ አናት ወደ ጎን መታጠፍ ግን የክር ውጥረት ችግርን ያመለክታል። ጥሩ ካሴት ንጹሕ ሆኖ የሚታየው የትራኪንግ ማስተካከያው ዳር ሲደርስ ብቻ ከሆነ ደግሞ የክሩ መንገድ ተዛብቷል ማለት ነው። በመጨረሻም ሃይፋዩ የሚንጫጫ ድምፅ እንዳለው ይደመጣል፤ ልንጠቀምበት ያሰብነው መሰኪያ ሁሉ ይሞከራል።

ከሩቅ አገር የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ በዐይኑ ሊያይ አይችልም። ቢያንስ ዴኩ ካሴት እያጫወተ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ የቆጣሪውንም ፎቶግራፍ ይጠይቅ። «ኤሌክትሪክ ይይዛል» ማለት «ካሴት ያነባል» ማለት አይደለም። ዴኩ ሲላክ በውስጡ ካሴት ሊኖር አይገባም፤ በወፍራም ስፖንጅ ካልታሸገም ክሩን የሚመሩት ዘንጎች ከቦታቸው ሊነቃነቁ ይችላሉ።

ስድስት፦ ከግዢው በኋላ

ተቋም አንድ ዴክ ብቻ ገዝቶ ሥራ መጀመር የለበትም። ከተቻለ ሁለት ተመሳሳይ ዴኮች ይገዙ፤ አንዱ ሲደክም ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። አንዱን ካሴት ያላነበበው ዴክ ሲኖርም ሁለተኛው ሊያነበው ይችላል። የጥገና መመሪያውን ማግኘት፣ የቴሌቪዥንና የዴክ ጥገና ሙያ ያላቸውን አንጋፋ ቴክኒሻኖች አፈላልጎ ወጣቶችን ከሥራቸው ማስቀመጥ ከዴኩ ዋጋ የማያንስ ወጪ የሚገባው ጉዳይ ነው። ዴክ ይገዛል፤ ሙያ ግን ካለፈ አይገዛም።

ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጸዳ ወደ ዴኩ አይግባ፤ ሻጋታው ከዴኩ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። እየተጣበቀ የሚንጫጫ ክርም ወዲያውኑ ይቁም፤ በተለይ በአንዳንድ የዩማቲክ ካሴቶች ላይ ማጣበቂያው እርጥበት ስቦ ይሟሟል፤ ሕክምናውም የባለሙያ ነው። ለማኅደር የሚቀመጠው ፋይል ሲጨመቅ መረጃ በማያጣ ስልት፣ ለምሳሌ በኤፍኤፍቪ1 ቢቀመጥ ይመረጣል። ከፋይሉ ጋር የዴኩ ሞዴል፣ የቲቢሲው ሁኔታና ሥራው የተከናወነበት ቀን ይመዝገቡ። ብራና ገልባጭ በመጨረሻው ገጽ ስሙንና ዘመኑን እንደሚያኖር፣ ካሴት አሻጋሪም በምን መሣሪያ እንዳነበበ ለሚቀጥለው አንባቢ የመናገር ግዴታ አለበት።

ከተሰብሳቢዎች ከተነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በጀታችን ትንሽ ነው። ሠላሳ ያህል የቪኤችኤስ ካሴት ብቻ ነው ያለን። ዴክ መግዛት ይሻላል ወይስ ለአገልግሎት ሰጪ መስጠት?

መልስ፦ ለሠላሳ ካሴት ብቻ ዴክ፣ ቲቢሲና መቅረጫ ገዝቶ ሙያውንም መማር ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ለአገልግሎት ሰጪ ከሰጣችሁ ግን ዛሬ ያነሣናቸውን ጥያቄዎች እዚያ አንሡ። በምን ዴክ ታነባለህ? ቲቢሲ አለህ? የምትሰጠን ፋይል የተጨመቀ ነው? ሃይፋዩንና የጠርዙን ድምፅ ለየብቻ ታወጣለህ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ብቸኛ ቅጂያችሁን ሊቀበል አይገባውም። ከሁሉ በፊት ግን ሌሎች የትምህርት ክፍሎችን ጠይቁ፤ በየክፍሉ ሠላሳ ሠላሳ ካሴት ካለ አንድ የጋራ ዴክ ማቆም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ዴኩ የሚያወጣውን ምስል ትቶ ጥሬውን የሄድ ሲግናል በቀጥታ መቅዳት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቪኤችኤስ ዲኮድ የተባለው ሶፍትዌር ከሄዶቹ የሚወጣውን ጥሬ ሲግናል ተቀብሎ ምስሉን በኮምፒዩተር ያዋቅራል። ማረጋጋቱም በሶፍትዌር ይሠራል። ይህም የዛሬውን ሐሳብ የሚያጠናክር ነው። በዚህ መንገድ ለሚሠራ ሰው የዴኩ ውድ ኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጤናማ ሄድና የተስተካከለ የክር መንገድ ያለው ተራ ዴክ ይበቃዋል። ሆኖም ሲግናሉን ከቦርዱ ለመቅዳት የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት፣ ለማስቀመጥም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዛሬ ብንጀምር ከየትኛው ካሴት እንጀምር?

መልስ፦ ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ ተናጋሪውም በሕይወት ከሌለው። ነገር ግን ያ ካሴት በአዲስ የተገዛው ዴክ ላይ የሚወጣ የመጀመሪያው ካሴት አይሁን። በአሥር ተራ ካሴቶች ዴኩን ፈትናችሁ ጠባዩን ከለመዳችሁ በኋላ፣ በዐሥራ አንደኛው ላይ እርሱን አስገቡ። አንዳንድ ክር ከአንድ ጊዜ በላይ አይነበብምና፣ ያን አንዱን ንባብ ለተዘጋጀ እጅ ጠብቁት።